ለብቻው የሚጫወት ሕፃን

በነቀምቴ ከተማ በከኒሳ ቀሴ በተባለው ሠፈር፥ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደጁ ሁሉ የሕፃናት ይሆናል። ከፊሉ ድብብቆሽ ይጫወታል፤ ከፊሉ ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ ሥሎ በአንድ እግሩ ይዘላል። ትናንሾቹ ልጃገረዶች ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠው እቃ እቃ ሲጫወቱ፥ ጭቃውን ጩምቦ ነው ብለው በቅጠል ላይ ለእንግዳ ያቀርባሉ። ከእነዚህ ፈንጠር ብሎ ግን አንድ የአምስት ዓመት ልጅ የለስላሳ ቆርኪ በመስመር ይደረድራል፤ ሲጨርስ ያፈርሰውና እንደገና ይጀምራል። ስሙን ቢጠሩት ቀና አይልም። እናቱ በሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛው መሄድ ትታለች፤ ጎረቤት «ምን በደል ተሠርቶ ይሆን?» ሲል ሰምታለችና። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን የዚህች እናት ኀዘን ነው።

ውድ አንባብያን፥ ጨዋታ ለሕፃን ጊዜ ማባከኛ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ነው። የቆሎ ተማሪ ከፊደል ወደ ንባብ፥ ከንባብ ወደ ዳዊት እንደሚሻገር፥ ጨዋታም የራሱ ደረጃ አለው። ሚልድሬድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1932 እ.ኤ.አ. ይህን በዝርዝር አሳይታለች። ሕፃን አስቀድሞ ለብቻው ይጫወታል፥ ሌሎችንም ቆሞ ያያል፤ ቀጥሎ ከጓደኛው ጎን ተቀምጦ ሁለቱም በየራሳቸው ይጫወታሉ፤ ኋላም ዕቃ ይዋዋሳሉ፤ በመጨረሻ «አንተ አባት ሁን፥ እኔ እናት» ተባብለው ሥራ ይከፋፈላሉ። ወደ አንድ ዓመት ተኩል የደረሰ ሕፃን ባዶ ስኒ ወደ አፉ አስጠግቶ የሚጠጣ መስሎ ሲታይ፥ የሌለውን በአሳብ መፍጠር ጀመረ ማለት ነው። ገበጣን የመሰለ ሕግ ያለው ጨዋታ የሚሰምርለት ግን ከፍ ሲል ነው።

ኦቲዝም ባለበት ሕፃን ይህ መንገድ ይለያል። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. የ11 ሕፃናትን ጠባይ መርምሮ ጽፏል። እንዲህ ያለው ልጅ የመኪናውን አሻንጉሊት ከመንዳት ይልቅ ጎማውን ደጋግሞ ማሽከርከር ሊወድ ይችላል፤ ያየውንም በጣቱ ጠቁሞ ለእናቱ ላያሳይ ይችላል። እርግጥ ለብቻው የሚጫወት ሕፃን ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ስሙ ሲጠራ የማይመልስ፥ የማይጠቁምና ንግግሩ የዘገየ ልጅ ያለው ወላጅ፥ «ሲያድግ ይተወዋል» ሳይል ወደ ሐኪም ይውሰደው። በአንድ ወቅት ሊቃውንቱ ራሳቸው በእናት ፍቅር ማነስ ያመካኙ ነበር፤ ይህ አሳብ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ልጁን ከጨዋታው ነጥቀን ወደ እኛ ከመጎተት ይልቅ፥ እኛው ወደ ጨዋታው እንግባ። ከፊቱ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፥ የሚያደርገውን መምሰል፥ በአጭር ቃል መናገር፥ ተራ መጠበቅን ማለማመድ ጠቃሚ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና በአዲስ አበባና በቡታጅራ የተሞከረው ሥልጠናም በቤት ውስጥ ጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። የዚያ ልጅ ታላቅ እኅት ማንም ሳያስተምራት ከጎኑ ተቀምጣ አንድ ቆርኪ በመስመሩ ላይ ጨመረች። አንሥቶ ጣለው፤ ደግማ አስቀመጠች። በሦስተኛው ተወላትና የራሱን ከእርስዋ ቀጥሎ አኖረ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ አልሸሸጉትም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እኚህ እናት ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም፥ የከፈቱት በር ለብዙዎች ተስፋ ሆኗል።

ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፥ በደሉን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን። እንግዲህ እኛ ፈራጆች የምንሆነው በምን ሥልጣን ነው? ወደ ጠበል መውሰዱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሕክምናንና ትምህርትን አያስቀር፤ ልጅን ማሰርና በጓዳ መዝጋት ግን ከቶ አይገባም። በሚመጣው ሰንበት ያች እናት ልጅዋን ይዛ ብትመጣ፥ ቦታ እንልቀቅላት፤ ልጁ ቢጮህም ፊታችንን አናዙር። እርሱም በአርባ ቀኑ ተጠምቆ የክርስትና ስም የተሰጠው ወንድማችን ነውና።