ጥርሱን የሚያፋጭ ፎርዊል

ድምፁ የመጣው ዳገት ላይ ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በኢንተርስቴት 70 ሲወጡ መንገዱ ከ1,600 ሜትር ተነሥቶ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሳይርቅ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ ያገኛል። ፒክአፔ ባዶውን ነበር። ነዳጅ ስረግጥ ከፊት በቀኝ በኩል ብረት ከብረት የሚያፋጭ ድምፅ ይወጣል፤ እግሬን ሳነሣ ጸጥ ይላል፤ ስረግጥ ይመለሳል። ፎርዊሉ አልገባም፤ መምረጫው ሁለት ጎማ ላይ ነው። ሥራ ያልተሰጠው ክፍል ለምን ይጮኻል?

ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ መኪናዬን የሚያዩልኝ መካኒክ ሙያውን የጀመሩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እንደ ብዙዎቻችን «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«የቱ ጋ እንደሚጮኽ ተወው። መቼ መቼ እንደሚጮኽ ንገረኝ።»

ጥያቄው ትክክል ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል፤ ቀኝ ጎማ ላይ የተነሣው ከመሪው ሥር የመጣ ሊመስል ይችላል። ጊዜው ግን እምብዛም አያሳስትም። ያረጀ የጎማ ኩሽኔታ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እያጉረመረመ ይሄዳል፤ መሪ ሲዞርና ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ድምፁን ይለውጣል፤ ነዳጅ ተረገጠ አልተረገጠ ግድ የለውም። የተበላ ሲቪ ጆይንት (የፊት ዘንጉ መታጠፊያ) መሪው እስከ መጨረሻ ዞሮ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ ይላል። የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የትራንስፈር ኬዝ ሰንሰለት ከተለጠጠ ደግሞ ፎርዊል ገብቶ ሞተሩ ሲጎትት ይዘላል።

ጋሼ የፊቱን በክሪክ አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት፤ አልተላወሰም። በእጃቸው አሽከረከሩት፤ ያለ ምንም ሻካራነት ዞረ። መሪውን ጠምዝዘን ግቢው ውስጥ ዞርን፤ ቀጭታ የለም። ከዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ ወስደን ፎርዊሉን አስገባንና ነዳጁን ረገጥን።

ዝም አለ።

ይህን አልጠበቅሁም። ፎርዊሉ የታመመ ከሆነ ሲሠራ ነበር መጮኽ የነበረበት። የኔ መኪና ግን ሲሠራ ጤነኛ፣ ሲያርፍ በሽተኛ ሆነ። ጋሼ ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ሀቡ ነው።»

የሀብ ነገር ወደ ኋላ ይወስደናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት ጂፖች ለሲቪል ሲሸጡ፣ አስፋልት ላይ የፊት ዘንጎቻቸው ያለ ጥቅም እየዞሩ ነዳጅ ይበሉ፣ ጥርሶቻቸውንም ይጨርሱ ነበር። አርተር ዋርን የተባለ አሜሪካዊ በ1948 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባቋቋመው ድርጅት ጎማውን ከዘንጉ የሚያላቅቅ ሀብ መሥራት ጀመረ። ኢትዮጵያ ውስጥ በላንድክሩዘር ገጠር የሠራ ሾፌር ይህን ዓይነት ሀብ በደንብ ያውቀዋል፤ ጭቃው ሲመጣ ወርዶ በእጁ የሚያዞረው ያ ክብ ቁልፍ ነው። የኔን በመሰለ ፒክአፕ ላይ ግን ሾፌሩ አይወርድም። በሾፌሩ ፈንታ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው ቫኪዩም ነው። በቀጭን ቱቦ ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ይሄድና፣ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ባለጥርስ ቀለበት ያንቀሳቅሳል።

ጋሼ የነገሩኝ ቀጣዩ ነገር የገመትኩትን ሁሉ ገለበጠው። ቫኪዩሙ ቀለበቱን የሚስበው ለማያያዝ ሳይሆን ለማላቀቅ ነው። የሚያያይዘው ሞላ ነው። ሞላው ሁልጊዜ ቀለበቱን ወደ ጥርሱ ይገፋል፤ በሁለት ጎማ በሄድን ቁጥር ቫኪዩሙ ያለ ዕረፍት ወደ ኋላ ይይዘዋል። አሠራሩን ወድጄዋለሁ። ቱቦው በረዶ መሀል ቢበጠስ ሰውየው ፎርዊል አጥቶ አይቀርም፤ ሞላው ያያይዝለታል። ክፉው ነገር ቫኪዩሙ ጨርሶ ሳይጠፋ ሲደክም ነው። ያን ጊዜ ቀለበቱ በግማሽ ይለቀቃል። ጎማው እየበረረ፣ ዘንጉ ቆሞ፣ ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ ይፋጫሉ። ፎርዊል ሲገባ ግን ቫኪዩሙ ሙሉ በሙሉ ስለሚለቀቅ ጥርስ ከጥርስ በደንብ ይገባል፤ ጸጥታውም ከዚያ ነው።

ዳገቱም በዚህ ተፈታ። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲረገጥለት የአየር በሩ ይከፈታል፣ በኢንቴክ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫኪዩምም ወደ ዜሮ ይወርዳል። በዚህ ላይ ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ ዋሻው ጋ ደግሞ ሲሶ ያህል። በየ300 ሜትሩ ሞተሩ ሊፈጥር ከሚችለው ቫኪዩም 1 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ይቀነሳል። ቆላ ላይ ሥራ ፈትቶ የሚዞር ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 20 ያሳያል፤ ተራራው ላይ ያው ሞተር የዚያን ግማሽ ቢያሳይ አይገርምም።

ግምት ነውና መፈተን ነበረበት። ጋሼ መኪናው እንደቆመ ወደ ሀቦቹ የሚሄደውን ቱቦ ነቀሉ፣ በሞተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ደፈኑት። አሁን ሁለቱም ሀቦች በሞላ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ተያይዘዋል። ትራንስፈር ኬዙ ስላልገባ የፊቱ ዘንግ በነጻ ይዞራል፤ ከትንሽ የነዳጅ ብክነት በቀር ጉዳት የለውም። ያንኑ ዳገት ወጣሁ፤ እስከ ወለሉ ረገጥሁ፤ ድምፅ የሚባል የለም። አንድ ቱቦ መንቀልና አንድ ቀዳዳ መድፈን፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ፣ ኩሽኔታውንም ሲቪ ጆይንቱንም ዲፈረንሻሉንም ከጥርጣሬ ነጻ አወጣቸው። ይህን ፈተና ሳያደርጉ ዕቃ የሚቀያይሩ ጋራዦች መኖራቸው ያናድደኛል፤ የሰው ገንዘብ ነው።

የቀረው ቫኪዩሙ የት እንደሚያመልጥ ማግኘት ነው። በመጀመሪያ ከሞተሩ ሲወጣ ያለውን ባለአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ፈቱት። ሥራው ነዳጅ ሲረገጥ የተጠራቀመው ቫኪዩም ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ መዝጋት ነው። ጋሼ በአንድ በኩል ነፉበት፤ አየር አለፈ። ገልብጠው ነፉበት፤ አሁንም አለፈ። ተበላሽቷል ማለት ነው።

እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም። ቫልቩ ለሁለቱም ጎማዎች የጋራ ነው፤ ታዲያ ድምፁ ለምን በቀኝ ብቻ? ባለጌጅ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ አምጥተው ግራውን ሀብ ሳቡት፤ መርፌው ባለበት ተተከለ። ቀኙን ሳቡት፤ መርፌው ቀስ እያለ፣ ዐይን በግድ በሚያየው ፍጥነት ወረደ። ውስጡ ያለው ስስ የጎማ ሽፋን ሾልኳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሾለከውን ወዲያው ይተካ ስለነበር ሰው አላወቀበትም። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ የሚተካበት አጣ፣ ቫልቩም ያለውን መያዝ አቃተው፤ ቀኙ ቀድሞ ተለቀቀ።

ቀኙን ፈትተው ሲያወጡት ቀለበቱ ላይ ያሉት የጥርስ ጠርዞች ተዶልዱመዋል፤ ውስጡም ዝጓል። ዝገቱን ሲያዩ ኮፋኖውን ከፍተው ቫኪዩሙን የሚያዝዘውን ሶሌኖይድ አሳዩኝ። ከመስታወቱ ሥር የሚወርደው ዝናብ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ፎርዊል ሲገባ ሀቡ አየር የሚያገኘው በዚሁ ሶሌኖይድ መተንፈሻ ነው፤ መተንፈሻው እርጥብ ከሆነ ውኃውም አብሮ ይሳባል። ስለዚህ ቫልቩንና ቀኙን ሀብ ብቻ ቀይረን ብንተወው አዲሱም በጊዜው ይዝግ ነበር። ሶሌኖይዱን ክዳን ባለው ለወጡት፤ ቱቦዎቹን በአየር ነፍተው አደረቁ፤ ግራውን ሀብ ጤነኛ ስለሆነ አልነኩትም። ከዚያ ፓምፑን መልሰው ሰክተው ቀኙን ሳቡትና፣ መርፌው እንደቆመ ሻይ ልንጠጣ ገባን።