ከአሮጌ ጣሳ የሚሠራው ኩራዝና የተማሪዎች ደኅንነት

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አካባቢዎች ተማሪዎች ለምሽት ጥናት ሲገለገሉበት የኖሩት ኩራዝ ከአሮጌ የቤት ዕቃ የሚሠራ መብራት ነው።

ባዶ ጣሳ ወይም የመድኃኒት ጠርሙስ ከታጠበ በኋላ ክዳኑ ተበስቶ ከቆርቆሮ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ይገባበታል። በቱቦው የሚያልፈው የጥጥ ወይም የጨርቅ ክር ነጭ ጋዙን እየሳበ ወደ ነበልባሉ ያደርሳል።

ይሁንና ኩራዝ እንደ ፋኖስ መስታወት ስለሌለው ጭሱ ብዙ ነው። ብርሃኑም ደካማ በመሆኑ ተማሪው ወደ ጭሱ ተጠግቶ ለማንበብ ይገደዳል። የመንዝ ቤቶች ግድግዳ ድንጋይ ቢሆንም በጓሳ ሣር የተከደነ ጣሪያ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ነጭ ጋዝ ለቤት ውስጥ አገልግሎት እንዳይውል መክሯል።

በመሆኑም በትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሕፃናት ከወዳደቁ ዕቃዎች መብራት ሲሠሩ፣ ጋዙን በባትሪ ድንጋይና በአነስተኛ አምፖል መተካት ይገባል። የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስም ብርሃኑን የሚያሰራጭ ሽፋን ይሆናል።

ኩራዝ በሚበራባቸው ቤቶች ደግሞ የቀበሌ ጤናና ትምህርት ባለሙያዎች ሦስት ጥንቃቄዎችን ለወላጆች ማስገንዘብ ይጠበቅባቸዋል፦ ቤንዚን አለመቀላቀል፣ መብራቱ ሳይጠፋ ጋዝ አለመጨመር፣ ሕፃናትን ከኩራዝ ጋር ብቻቸውን አለመተው።