ከዞምቢ መሸሽም ጨዋታ ነው!

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን የመጀመሪያውን «ሬዚደንት ኢቭል» ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል!»

አልተበላሸም። ልጁ የጠበቀው በ2005 የወጣውን አራተኛውን ነው፤ ከተዋጊው ትከሻ ኋላ ሆነው እያነጣጠሩ የሚተኩሱበትን። የመጀመሪያው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ሌላ ነው። ሺንጂ ሚካሚ የመሩት የካፕኮም ቡድን የሠራው ተኩስ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ጥይቱ ጥቂት፣ ኪሱ ጠባብ ነው፤ ጂል ስምንት፣ ክሪስ ስድስት ዕቃ ብቻ ይይዛሉ። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ ስለሚቀር ከማዕዘኑ ወዲያ ያለው ጭራቅ ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም። የላይኛውን ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ ሰውየው ወደ ስክሪኑ አናት ሳይሆን ፊቱን ወዳዞረበት ይሄዳል። ይሄኛው እኔንም ያበሳጨኛል፤ አልዋሽም።

የደረሱበትን ለማስቀመጥ የጽሕፈት መኪና ፈልጎ ማግኘት፣ ሪባንም መያዝ ያሻል። ሪባኑም የተቆጠረ ነው። (ልጁ «የጽሕፈት መኪና ምንድን ነው?» አለኝ። ስንት ዓመት በሪባን ጣቴን ያጠቆርኩ ሰው ምን ልመልስ?)

«ሁሉንም መግደል የለብህም፤ አንዳንዱን ዝም ብለህ ሽሽ» አልኩት። እየተነጫነጨ እንደገና ጀመረ።

እኩለ ሌሊት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል፤ የቀረው ሁለት ጥይት ነው። በሩን ስከፍት ጮኸ።