በላምባ የሚሠራ የቤት ማሞቂያና ለቧንቧ ሥራ ለማጆች የሚከፍተው የሞያ መንገድ

በብሪታንያና በአየርላንድ የጋዝ መስመር ያልተዘረጋባቸው መንደሮች ብዙዎች ናቸው። በእነዚህ መንደሮች የሚኖረው ባለቤት የብርዱን ወራት የሚያልፈው በግቢው በተተከለ ታንክ በሚያስቀምጠው ላምባ፣ ማለትም በነጭ ጋዝ ነው። በዚህ ዓይነት የሚሞቁት ቤቶች በብሪታንያና በሰሜን አየርላንድ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ይሆናሉ፤ በሰሜን አየርላንድማ ከመኖሪያ ቤቶች የሚበዙት በዚሁ ነዳጅ የሚገለገሉ ናቸው። ስለዚህም ቦይለሩን የሚተክል፣ የሚያስነሣና በየዓመቱ የሚመረምር ባለሞያ ዘወትር ይፈለጋል። ወጣቱ ለማጅ ይህን ሞያ በምን መንገድ እንደሚይዘው ማወቅ ለአስመጪውና ለመለዋወጫ ነጋዴውም ይጠቅማል፤ ማቃጠያ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ብልሽት የሚጠይቀው የሚያስተካክለው ማን እንደ ሆነ ነውና።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በብሪታንያ በጋዝ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው በሕግ የግድ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባውንም ከሚያዝያ 2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የያዘው ጋዝ ሴፍ ሬጂስተር የተባለው ድርጅት ነው። በላምባ ላይ ለሚሠራው ግን እንደዚህ ያለ ግዴታ የለም። ሆኖም በእንግሊዝና በዌልስ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ቦይለር ወይም ታንክ ሲተክል ሥራው ለአካባቢው የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል አስቀድሞ መገለጽና ክፍያው መከፈል ይኖርበታል፤ የተመዘገበው ግን ሥራው ደንቡን የጠበቀ መሆኑን በራሱ ፊርማ ያረጋግጣል። ደንበኛው ወጪና ድካም እንዳይበዛበት ስለሚሻ የተመዘገበውን ይመርጣል። ስለዚህ ሕጉ ባያስገድድም ገበያው ያስገድዳል ማለት ይቻላል።

ይህን ምዝገባ ከሚያካሂዱት ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው ኦፍቴክ የተባለው የነዳጅ ማቃጠያ ቴክኒክ ማኅበር ነው። ለማጁ ወደዚህ ማኅበር የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በእንግሊዝ አገር የቧንቧና የቤት ማሞቂያ ቴክኒሺያን የሚያሠለጥነው የሦስተኛ ደረጃ የልምምድ ሥልጠና ሲሆን፣ ወጣቱ ከአሠሪው ዘንድ ደመወዝ እየተከፈለው ኮሌጅም እየተመላለሰ አራት ዓመት ገደማ ይማራል፤ ከጋራው ትምህርት በተጨማሪ ጋዝን ወይም ላምባን የመሰለ አንድ መስመር መርጦ ይለማመዳል። ሁለተኛው መንገድ ልምምዱን ለፈጸመ ቧንቧ ሠሪ የተከፈተ ነው፤ እርሱ ጥቂት ቀናት በሚፈጅ ትምህርት ተዘጋጅቶ ይፈተናል። አብዛኞቹ ለማጆች የቀጣሪያቸው ሥራ በጋዝ ላይ ስለሆነ ጋዝን ይመርጣሉ። በገጠር የሚኖር ወጣት ግን ላምባን ቢመርጥ ተፎካካሪው ጥቂት ይሆንለታል።

ፈተናዎቹ በቁጥር ይታወቃሉ። 101 የተባለው ማቃጠያውን ማስነሣትና መመርመርን፣ 105ኢ የተባለው ቦይለሩን መትከልን፣ 600ኤ የተባለው ደግሞ የቤት ታንክን መትከልን ይመለከታል። ታንክ ብቻ መትከል የሚሻ ሰው የመጨረሻውን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል። የምስክር ወረቀቱ ለዘለቄታ የሚያገለግል አይደለም፤ በየአምስት ዓመቱ እንደገና መፈተን ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ ሞያውን የሚለየው 101 ነው። ማቃጠያው ሲታይ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሞተር ማራገቢያውንና ፓምፑን ባንድነት ያዞራል፣ ፓምፑም ላምባውን ከሰባት እስከ አሥር ባር በሚደርስ ግፊት በቀጭን አፍንጫ በኩል እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ያቀጣጥለዋል። ብርሃን የሚለይ ዓይን ነበልባሉን ይጠብቃል፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ እሳት ካላየ ማሽኑ ይቆለፋል። ለማጁ የአፍንጫውን መጠንና የርጭቱን ማዕዘን ከቦይለሩ ጋር ማዛመድ፣ ግፊቱን በመለኪያ ማየት፣ ጭሱንም በልዩ ወረቀት ስቦ የጥቀርሻውን መጠን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በተቈጠረ መመዘኛ ማስተያየት ይማራል። ነበልባሉን በዓይን ብቻ አይቶ «ደኅና ነው» የሚል ሠራተኛ በዚህ ፈተና አያልፍም፤ እንዲያ ያለው ሰው የባለቤቱን ነዳጅ ያባክናል፣ ከዚያም የከፋ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው መርዝ በቤቱ ውስጥ እንዲገባ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የታንኩም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በድርብ ግድግዳ የተሠራው ታንክ የውጭው ዕቃ ከውስጠኛው ይዞታ 110 በመቶ መቀበል ይገባዋል። እሳት የሚከለክል መጠለያ ካልተሠራለት በስተቀር ታንኩ ከቤቱ 1.8 ሜትር፣ ከጐረቤት ወሰን 760 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። በነዳጁ መስመር ላይ የሚገባው የእሳት መዝጊያ ቫልቭ ደግሞ ከቤቱ ውጭ ተተክሎ፣ በማቃጠያው ላይ የተቀመጠው መለኪያ ብዙውን ጊዜ 65 ዲግሪ ሲደርስ ላምባውን ይዘጋል።

ለማጁን የሚያሳስበው ሞያው ምን ያህል ዘመን ይቈያል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታንያ መንግሥት በእንግሊዝ የጋዝ መስመር በሌለባቸው ቤቶች አዲስ የላምባ ቦይለር መትከል ከ2026 ጀምሮ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ፤ በመስከረም 2023 ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀኑን ወደ 2035 ማዛወራቸውን አስታወቁ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኤሌክትሪክ ለሚሠራው የሙቀት ፓምፕ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሰጠው እርዳታ ወደ 7,500 ፓውንድ ከፍ ተደረገ። በሌላ ወገን የነዳጁ ነጋዴዎች ከአትክልት ዘይትና ከአሮጌ የምግብ ዘይት የሚዘጋጅ ነዳጅ በላምባው ፈንታ እንዲገባ ይደክማሉ፤ ለዚህም አፍንጫውን መለወጥ፣ የፓምፑን ግፊት ማስተካከል፣ አንዳንድ ጊዜም የነበልባሉን ዓይን መቀየር ይበቃል። ረጅም ዘመን በአንድ ነዳጅ ብቻ የሚያኖር ሞያ ከእንግዲህ አይገኝም። ነገር ግን የተተከሉት ቦይለሮች በየዓመቱ መመርመራቸው ስለማይቀር፣ የቤቱን የሙቀት ብክነት ማስላትና የውሃውን ዝውውር ማመጣጠንም ለሙቀት ፓምፕ ያው ትምህርት ስለሆነ፣ ላምባን ከሙቀት ፓምፕ ጋር አጣምሮ የሚማር ለማጅ ከሁሉ የተሻለውን መርጧል። ላምባን ብቻ የሚይዘው ግን ጊዜው ሲያልፍ ይቸገራል።

ማቃጠያ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስመጣ ነጋዴ ከዚህ ሞያ አንድ ነገር ሊወስድ ይችላል። በባሕር ጠረፍ አጠገብ የተስተካከለ ማቃጠያ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ እንዳለ ቢተከል ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ አየሩ ከጠረፉ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነውና። ለዚያው ነዳጅ ማራገቢያው ብዙ አየር መስጠት አለበት፤ ይህ ካልተቻለ ትንሽ አፍንጫ ይገባል፣ የቦይለሩም ኀይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ ለሆቴል ወይም ለልብስ አጠባ ቤት የሚሆን ቦይለር የሚያዝ ነጋዴ ለፋብሪካው በሚጽፈው ደብዳቤ የቦታውን ከፍታ ቢገልጽ፣ ከቦይለሩም ጋር ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው አፍንጫዎችና የጭስ መለኪያ ቢያዝ፣ ደንበኛው ከተከላው በኋላ «ኀይሉ አነሰ» ብሎ እንዳይመለስበት ያደርጋል።