ቻትቦት ወይስ የባህሪ ባለሙያ? ችግራችንን ማን ይበልጥ ይረዳዋል?

ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። የ15 ዓመት ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ሱብሒ ላይ መነሳት ካቆመ ወራት አልፈዋል፤ የትምህርት ውጤቱም አሽቆልቁሏል። አባት ማንን ያማክር? ዘመድ ተኝቷል፣ ለመድረሳው ኡስታዝ በዚህ ሰዓት አይደወልም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሄድ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ «ልጁ ምን ሆነ?» የሚል ወሬም ያስከትላል። ስለዚህ አባትየው የራሱን ስልክ አንስቶ ለቻትጂፒቲ ይጽፋል። (ልጁ ከስልክ ጋር ተጣብቋል ብሎ ለስልክ መንገሩ በራሱ ፈገግ ያሰኛል።) በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ረዥም፣ ትሑትና በተራ ቁጥር የተደረደረ ምክር ይደርሰዋል።

ይህ ምክር የባህሪ ሳይንስን ያጠና ሰው ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር የት ይቆማል? ብዙ ቤተሰብ በየቀኑ እየተጠቀመበት ስለሆነ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም።

የባህሪ ሳይንስ የሚባለው ሥነ ልቦናን፣ ኢኮኖሚክስንና የማኅበረሰብ ጥናትን አጣምሮ ሰዎች የሚያደርጉትን ለምን እንደሚያደርጉ የሚመረምር ዘርፍ ነው። ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ሰዎች የሚያውቁትን ለምን እንደማያደርጉ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን ገዝቶ የማይውጠው በሽተኛ፣ ጫት እተዋለሁ እያለ ከሰዓት ሲሆን እግሩ ወደዚያው የሚወስደው ወጣት፣ ሁሉም መረጃ አላቸው። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ለቻትቦቶቹ የሚመሰክረውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጃማ ኢንተርናል ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ሰዎች በኢንተርኔት ለሐኪሞች ያቀረቧቸውን 195 ጥያቄዎች ወስዶ ለቻትጂፒቲም አቀረበ። የጤና ባለሙያዎች ሁለቱን መልሶች ማን እንደጻፋቸው ሳያውቁ አነጻጸሩ። ከ100 ፍርድ ወደ 79 በሚጠጋው የማሽኑ መልስ ተመረጠ፤ በርኅራኄም ቢሆን ማሽኑ በሰፊው በለጠ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተናኘ። ይሁን እንጂ ሐኪሞቹ በትርፍ ሰዓታቸው በነጻ የጻፉት አጭር መልስ ነበር፤ የማሽኑ ግን ረዥም ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥናቱ የመልሱን ጥራት እንጂ ጠያቂው ምክሩን ተከትሎ ይዳን አይዳን አልለካም። ጥሩ የሚመስል መልስና የሚሠራ መልስ ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛው ማስረጃ ወደ ጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። በ2024 የስታንፎርድና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የተካሄዱ 70 የማኅበራዊ ሳይንስ ሙከራዎችን ለጂፒቲ-4 ገልጸው ውጤታቸውን እንዲገምት ጠየቁት። ግምቱ ከእውነተኛው ውጤት ጋር በጣም ተቀራረበ። ገና ያልታተሙ፣ ማሽኑ አንብቧቸው ሊሆን የማይችል ሙከራዎች ላይም አልወደቀም። እነዚህ ግን በአብዛኛው ሰዎች መጠይቅ ላይ ምን ብለው እንደሚመልሱ የሚለኩ ነበሩ። ሰዎች በተግባር ምን እንደሚያደርጉ በሚለኩ ሰፋፊ ሙከራዎች ላይ ሲሞከር ግምቱ ደከመ። የሰው ባለሙያዎች ግምትም ቢሆን ከማሽኑ አልተሻለም።

የባለሙያዎቹ ድክመት መደበቅ የለበትም። በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ በታተመ ጥናት 30 ሳይንቲስቶች ከ61 ሺህ በላይ የአሜሪካ የስፖርት ማዘውተሪያ አባላትን ቶሎ ቶሎ እንዲመጡ ለማድረግ 54 የተለያዩ ዘዴዎችን ለአራት ሳምንት ሞከሩ። ዳኞች የትኛው ዘዴ የበለጠ እንደሚሠራ አስቀድመው እንዲገምቱ ተጠየቁ፤ ከዳኞቹ መካከል በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎችም ነበሩ። ግምታቸው አልሰመረም። ያሸነፈው ዘዴ አንድ ቀን ቀርቶ ለተመለሰ ሰው የምትሰጥ፣ በሳንቲም የምትቆጠር ጉርሻ ነበረች። ያም ሆኖ አራቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚለካ ለውጥ ያቆዩት ዘዴዎች ከ100 ስምንቱ ብቻ ነበሩ። በሰው ጠባይ ላይ «እኔ አውቃለሁ» የሚል፣ ማሽንም ይሁን ፕሮፌሰር፣ ይህን ቁጥር ቢያስታውስ ይሻላል።

ታዲያ ባለሙያው ምን ይጨምራል? ለእኔ ከሁሉም ግልጽ የሚያደርገው የምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ ነው። በ2014 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን በሽታው ሲዛመት የሟቾች አስከሬን ከፍተኛ የመተላለፊያ መንገድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከአዳዲስ ተጠቂዎች ቢያንስ 20 በመቶው በቀብር ወቅት የሚያዙ መሆናቸውን ገልጿል። ከሕክምና አንጻር መፍትሔው ቀላል ይመስል ነበር፦ አስከሬኑን አትንኩ፣ ልዩ ልብስ ለለበሱ ሠራተኞች አስረክቡ። ጀናዛን ማጠብ፣ መከፈንና መስገድ በሕይወት ያለው ለሟቹ ያለበት ግዴታ መሆኑን ለሚያምን ሕዝብ ግን ይህ አባትን እንደ ቆሻሻ መጣል ሆነበት። ሰዎች በሽተኞቻቸውን ደበቁ፤ ሟቾቻቸውንም በሌሊት ቀበሩ። መረጃ አጥተው አልነበረም። በራሪ ወረቀቱም የሬዲዮ ማስታወቂያውም ደርሷቸዋል።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዎችና የሃይማኖት ሰዎች ከቤተሰቦቹ ጋር ተቀምጠው ሲጠይቁ ነው። ከቀብሩ ሥርዓት የማይነካው የቱ ነው? ሊተካ የሚችለውስ? በኅዳር 2014 የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የቀብር መመሪያ አወጣ፤ ኢስላሚክ ሪሊፍን ጨምሮ የእምነት ተቋማት በዝግጅቱ ተሳትፈዋል። ለሙስሊም ሟቾች በውሃ ማጠብ በተየሙም እንዲተካና ከፈን እንዲደረግ መንገድ ተበጀ። ውሃ መጠቀም በማይቻልበት ጊዜ ተየሙም መኖሩን የፊቅህ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን እውቀት ከቫይረሱ እውቀት ጋር ለማገናኘት ግን ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት መገናኘት ነበረባቸው።

ዛሬ ቻትቦትን ስለ ኢቦላ ቀብር ብትጠይቁት ይህንኑ በጥሩ ሁኔታ ሊነግራችሁ ይችላል። የሚነግራችሁ ግን እነዚያ ሰዎች ሄደው፣ ጠይቀውና አድምጠው ስለጻፉት ነው። ማሽኑ የተጻፈውን በመሰብሰብ ማንም አይደርስበትም። ገና ያልተጻፈውን፣ በአንድ ቤት ወይም በአንድ ሰፈር ውስጥ ብቻ ያለውን ነገር ሄዶ ማግኘት ግን የሰው ሥራ ነው።

የእኛ ኑሮ ደግሞ ብዙው ያልተጻፈ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2023 ባቀረቡት ጥናት የእነዚህ ማሽኖች አስተሳሰብ የሚቀርበው ለበለጸጉት የምዕራብ ማኅበረሰቦች እንደሆነ፣ ከእነዚያ በባህል በራቅን ቁጥርም መመሳሰሉ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ያ አባት «ከልጅህ ጋር ስምምነት ተፈራረም፣ የግል ቦታውን አክብር» የሚል ምክር ቢደርሰው ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አያት በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖርበትን፣ አጎት ከአባት በላይ የሚሰማበትን ቤት አያውቅም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ማሽኑ ማስደሰት ይወዳል። በሚያዝያ 2025 ኦፕንኤአይ አንድ የቻትጂፒቲ ማሻሻያውን ተጠቃሚዎችን ከልክ በላይ ያሞካሻል በሚል በቀናት ውስጥ መልሶ ለማንሳት ተገዷል። ባልና ሚስት ተጣልተው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢጠይቁት ሁለቱም «ልክ ነህ»፣ «ልክ ነሽ» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ። ጥሩ ሽማግሌ ሁለቱንም ሳይሰማ አይፈርድም።

ይህ ማለት አባትየው ስልኩን ይጣል ማለት አይደለም። አጠቃቀሙን ግን መለወጥ ይችላል። «ምን ላድርግ?» ከማለት ይልቅ «ምክር ከመስጠትህ በፊት አንድ የባህሪ ባለሙያ የሚጠይቀኝን አሥር ጥያቄዎች ጠይቀኝ» ብሎ ይጻፍለት። ከዚያም «ልጄ ይህን ቢያነብ ምን ይል ነበር? የእኔስ ጥፋት የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጨምርበት። የልጁን ስምና የቤት ሚስጥር ግን አያስገባ። ጥያቄዎቹ መምጣት ሲጀምሩ ብዙዎቹን መመለስ እንደማይችል ያስተውላል፦ ሌሊት የሚያወራው ከማን ጋር ነው? ለውጡ የጀመረው መቼ ነው? በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ምን ተፈጠረ? እነዚህን ይዞ ጠዋት ከልጁ ጋር፣ ከአስተማሪው ጋር፣ ልጁ ከሚወደው ኡስታዝ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ልጁ እንቅልፍና ምግብ ሙሉ በሙሉ ከተወ፣ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ ግን ጠዋትን መጠበቅ አያስፈልግም። ያኔ ስልኩ የሚያስፈልገው ታክሲ ጠርቶ ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ ነው።