ከቅዳሜ ወደ ኋላ መቁጠር

ከአውሮፓ ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት መሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ከፍራንክፈርት ወይም ከለንደን ለሚነሳ በረራ ርካሽ ቲኬት ፍለጋ ነው። ቆይ! ይህ ጉዞ የሚታቀደው ከመጨረሻው ነው።

ሴንት ሄሌና በደቡብ አትላንቲክ መሃል ያለች የብሪታንያ ግዛት ናት፤ ናፖሊዮን ተግዞ እ.ኤ.አ. በ1821 የሞተባት። (ስሟን ያገኘችው በመስቀል በዓል ከምናነሳት ከንግሥት እሌኒ ነው።) ከአፍሪካ ዳርቻ እንኳ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዋናው በረራ ኤርሊንክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ከጆሃንስበርግ የሚያነሳው ነው። በአንዳንድ ወቅት ሌላ ቀን ቢጨመርም መደበኛው በሳምንት አንዴ ነው። እንግዲህ ሌላው ሁሉ ከዚያች ቅዳሜ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ወደ ደሴቲቱ መብረር ለምን ቀላል እንዳልሆነ የሚገባችሁ ነፋሱን ስታውቁ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝም እሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው በምሥራቅ በኩል፣ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው ነፋስ ከገደሉና ከአካባቢው ቋጥኝ ጋር ሲላተም ይጠማዘዛል፤ ለማረፍ የቀረበ አውሮፕላን ላይ ፍጥነቱም አቅጣጫውም በሴኮንዶች ውስጥ ይለዋወጣል። ቻርልስ ዳርዊን በ1836 እዚህች ደሴት ላይ ገደል ጫፍ ቆሞ ይህንኑ አስተውሏል፤ እሱ ያለበት ቦታ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ጥቂት ሜትር ፊት ለፊቱ ወፎች ከብርቱ ነፋስ ጋር ይታገሉ ነበር። ከ180 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2016 ለሙከራ የመጣውን ቦይንግ 737 ያው ነፋስ ተቀበለው። በዚህ የተነሳ መደበኛው በረራ ዘግይቶ የተጀመረው በኦክቶበር 2017 ነው፤ ያውም አነስ ባለው ኢምብራየር 190።

ሌላው ጣጣ ነዳጅ ነው። አውሮፕላኑ ደሴቲቱ ጋ ደርሶ ማረፍ ቢያቅተው በአቅራቢያው ሌላ መውረጃ የለም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲሄድ ናሚቢያ ውስጥ ዋልቪስ ቤይ ያርፍና ተመልሶ ለመምጣት ጭምር የሚበቃ ነዳጅ ይሞላል።

አሁን ወደ አርብ። ከአውሮፓ የሚነሱት ብዙዎቹ በረራዎች ሌሊቱን ተጉዘው ጠዋት ጆሃንስበርግ ይገባሉ። ቅዳሜ ጠዋት ገብቶ ቅዳሜ ጠዋት መነሳት ቁማር ነው፤ በተለይ ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ ከተገዙ። የመጀመሪያው አየር መንገድ ቢዘገይ ለሁለተኛው ቲኬት ኃላፊነት የለበትም፤ ሻንጣችሁንም ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ታስመዘግባላችሁ። አርብ ግቡና እደሩ።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ወዳጄ ይስማኝ! ማደር ማለት ደቡብ አፍሪካ መግባት ማለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቪዛ ያስፈልግሃል። በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድም፣ ሌላ ፓስፖርት ቢይዝ እንኳ፣ ቦሌ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። "እግረ መንገዴን ቤተሰብ ጠይቄ ልለፍ" የሚለው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ዋዜማው ላይ አይታሰብም።

ደሴቲቱ ራሷ የምትጠይቀው የሕክምና መድን ነው፤ በሽተኛን በአውሮፕላን ማውጣትን የሚሸፍን መሆን አለበት። ሆስፒታል አላት፤ ከባድ ሕመም ግን ወደ ውጭ ይላካል፤ ያ ሒሳብ በኪስ የሚቻል አይደለም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ጉዞው ቁልቁል ወደ ደቡብ ስለሆነ የሰዓት ለውጡ ቀላል ነው። በአውሮፓ በጋ የበርሊንና የጆሃንስበርግ ሰዓት አንድ ነው፤ ሴንት ሄሌና ከሁለቱም በሁለት ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ትቀራለች።

መመለሻውም ቅዳሜ ነው። ጆሃንስበርግ የምትገቡት ማታ ስለሆነ የአውሮፓውን ቲኬት ለእሑድ፣ ከተቻለም ለሰኞ ቁረጡ። "ለአንዲት ትንሽ ደሴት አራት ቀን ይበቃኛል" የምትሉ ካላችሁ፣ በመደበኛው ወቅት ያለው ምርጫ ሰባት ነው፣ ካልሆነም አሥራ አራት።