ሳንዲ ኮፋክስ፦ ክንዱን ለመግራት ስድስት ዓመት የፈጀበት ኳስ ወርዋሪ

በአሜሪካ ቤዝቦል ታሪክ ከታላላቆቹ ኳስ ወርዋሪዎች መካከል ስሙ ሁልጊዜ የሚነሳው አይሁዳዊው ሳንዲ ኮፋክስ ነው። የተጫወተው ለ12 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የልፋትና የተስፋ መቁረጥ ዓመታት ነበሩ። ክንዱ ኃይለኛ ነበር፤ ኳሱ ግን ወዳሰበው ቦታ አይሄድለትም።

ጨዋታውን ለማያውቁት ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪው ዱላ ከያዘው ተጋጣሚ 18 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። ኳሱን የሚወረውረው ከባለ ዱላው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ለሚጠብቀው የቡድን ጓደኛው፣ ለተቀባዩ ነው። ኳሱ 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላት ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ከባለ ዱላው ጉልበት እስከ ደረቱ ባለው ከፍታ ማለፍ አለበት። ሦስት ጥሩ ኳስ ያመለጠው ባለ ዱላ ይወጣል። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከቦታው ውጪ ከጣለ ግን ባለ ዱላው ምንም ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በነጻ ያልፋል። ስለዚህ ዒላማ የሌለው ኃይል ለተጋጣሚ መንገድ መክፈት ነው። አደጋም አለው፤ እንዲህ ያለ ፈጣን ኳስ ጭንቅላት ከመታ ሊገድል ይችላል።

ኮፋክስ እ.ኤ.አ. በ1935 በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊን ተወለደ። በወጣትነቱ ይበልጥ የሚታወቀው በቅርጫት ኳስ ነበር። በ1954 መጨረሻ የብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን 14,000 ዶላር የፊርማ ገንዘብ ሰጥቶ አስፈረመው። ችግሩም ከዚሁ ገንዘብ ጋር መጣ። በጊዜው ደንብ ከ4,000 ዶላር በላይ የተቀበለ ጀማሪ ሁለት ዓመት ከዋናው ቡድን ጋር እንዲቆይ ይገደድ ነበር። ሌሎች ወጣቶች በታችኛው ሊግ እየተሳሳቱ ሲማሩ፣ እሱ በ19 ዓመቱ ከአገሪቱ ምርጦች ጋር ተቀላቀለ። አብዛኛውን ጊዜም ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ።

ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ በተዛወረበት በ1958 ኮፋክስ በ159 ዙር ገደማ ጨዋታ 105 ሰው በነጻ አሳለፈ። እስከ 1960 መጨረሻ 36 ጊዜ አሸንፎ 40 ጊዜ ተሸነፈ። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ የመጫወቻ ዕቃውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለ። የቡድኑ ዕቃ ጠባቂ ግን ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብሎ አንስቶ አስቀመጠለት።

ተመለሰም። በ1961 የጸደይ ልምምድ ላይ፣ ኮፋክስ እንደ ልማዱ ኳሱ አልታዘዝ ሲለው፣ ተቀባዩ ኖርም ሼሪ ቀረብ ብሎ ቀላል ምክር ሰጠው፦ ኃይልህን ቀንስ፣ ይምቱት። ምክሩ የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰው ከአቅሙ በላይ ሲታገል ሰውነቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ከዒላማው ይነሳል፣ ኳሱም ከእጁ በትክክለኛው ቅጽበት አይወጣም። ሲረጋጋ ግን ፍጥነቱ እምብዛም አይቀንስም።

በዚያው ዓመት 18 ጨዋታ አሸነፈ፤ 269 ባለ ዱላዎችንም አስወጣ። በ1963 በ311 ዙር በነጻ ያሳለፈው 58 ሰው ብቻ ነበር። ከ1958 ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ ገደማ ወርውሮ፣ የሰጠው ነጻ መንገድ ግን በግማሽ ገደማ አነሰ። መስከረም 9 ቀን 1965 ደግሞ 27 ባለ ዱላዎችን ተራ በተራ አስወጣ፤ አንድ እንኳ ማረፊያ አልደረሰም።

በዚያው ዓመት የዋንጫው ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በዮም ኪፑር፣ በቤተ እስራኤል የቀድሞ አጠራር በአስተሰርዮ ዕለት ዋለ። ኮፋክስ በዚያ ቀን አልጫወትም አለ። በእሱ ቦታ የገባው ዶን ድራይዝዴል 8 ለ 2 ተሸነፈ። ኮፋክስም ራሱ ሁለተኛውን ጨዋታ ተሸነፈ፤ አምስተኛውን ግን አሸነፈ። በወሳኙ ሰባተኛ ጨዋታ ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ወርውሮ 2 ለ 0 በማሸነፍ ዋንጫውን ለቡድኑ አስገኘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የግራ ክርኑ በመገጣጠሚያ በሽታ ይሠቃይ ነበር። መድኃኒት እየወሰደ፣ ከጨዋታ በኋላ ክንዱን በበረዶ ውኃ እየነከረ ቀጠለ። በ1966 27 ጨዋታ አሸነፈ። ይሁን እንጂ ሐኪሞች ክንዱ ለዘለቄታው ሊጎዳ እንደሚችል ስላስጠነቀቁት፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ጨዋታ አቆመ። ከቤዝቦል በኋላ ብዙ ዕድሜ እንደሚጠብቀው፣ ያንንም በሙሉ አካሉ መኖር እንደሚፈልግ ተናገረ።

በ1972፣ በ36 ዓመቱ፣ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስማቸው ከሰፈረው ተጫዋቾች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ።